ባለባትሪው የመኪና ማጠቢያ ሽጉጥ ላቫጆን ይተካል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። የላቫጆ ወረፋ ስላሰለቸኝ በባትሪ የሚሠራ፣ እንደ ሽጉጥ በእጅ የሚያዝ የመኪና ማጠቢያ ገዛሁ። ካርቶኑ 48 ቮልት፣ 100 ባር ይላል፤ ሁለት ባትሪ አለው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የምጠቀመው በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ነው። ቅዳሜ ሞከርኩት። ሲጀምር ጥሩ ነበር፣ አምስት ደቂቃ ሲሆን ግን ጉልበቱ ከዳው። ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ሥር ያለው ጭቃ አልለቀቀም። አረፋው ብቻውን ቆሻሻውን ያነሳል ብለውኝ ነበር፤ መኪናዋ ስትደርቅ ግን ስስ አቧራ እንዳለ ቀርቷል። ኮፈኑንም ከፍቼ ሞተሩን ረጨሁት፤ በማግስቱ የሞተር መብራት በራ፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ‹ይኼን መልስና በ220 የሚሠራውን ትልቁን ግዛ› ይለኛል። የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከማጠቢያው በፊት ሞተሩ ይቅደም፤ እሱ ቀጠሮ የሚሰጡት ነገር አይደለም። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች እያንዳንዱ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ዕቃ) አናቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የራሱ ኮይል ተቀምጦለታል። ከላይ የተረጨ ውሃ በኮይሉ ጎማ ዙሪያ ሰርጎ ካንዴላው የገባበት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በካንዴላው ጫፍ መዝለሉን ትቶ በእርጥበቱ በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሸሻል፤ አንዱ ሲሊንደር ነዳጅ ተቀብሎ ሳያቃጥል ይቀራል። መንቀጥቀጡ ከዚህ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናዋን አያንቀሳቅሷት፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ እዚያ ውስጥ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ከልክ በላይ ያግልና ያቀልጠዋል። ሳይጠፋ በቋሚነት የሚበራ ከሆነም ረጅም መንገድ አይውጡባት።

መፍትሔው ማድረቅ ነው። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የኮይሎቹን ሶኬት ነቅለው፣ እያንዳንዳቸውን የያዘውን 10 ቁጥር ቡሎን ፈትተው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቧቸው። ካንዴላውን ገና ሳይፈቱ ጉድጓዱን በንጹሕ ጨርቅ ይምጠጡት፣ ቀሪውን በጎሚስታ አየር ያስነፉት። ካንዴላው ቀድሞ ከተፈታ ውሃውም አሸዋውም ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። የኮይሉ ጎማ ውስጡም ውጪውም ደርቆ ይመለስ። ከዚህ በኋላም ከተንቀጠቀጠ ኮይል ወይም ካንዴላ ተጎድቷልና መካኒክ ያሳዩ። ሞተሩ ተስተካክሎ መብራቱ ብቻ ከቀረ ለጥቂት ጊዜ ሲነዱ በራሱ ሊጠፋ ይችላል፣ አለዚያም በኮምፒውተር ይጠፋል። ወደፊት ግን ሞተር በግፊት ውሃ አይታጠብ፤ በሽጉጡም፣ በትልቁም፣ በላቫጆም ቢሆን። እርጥብ ጨርቅና አሮጌ የቀለም ብሩሽ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ካርቶኑ ላይ ያለው 48 የባትሪው ቮልት ነው ብለው አይቁጠሩት። ቻርጀሩን ገልብጠው የሚያወጣውን ቮልት ያንብቡ፤ በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ አዘውትሮ የሚገኘው 21 ነው። 21 ቮልት ማለት ውስጡ በተከታታይ የተያያዙ አምስት የሊትየም ድንጋዮች አሉ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በሥራ ላይ በአማካይ 3.7 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ ፓምፑ የሚያገኘው 18.5 ቮልት ገደማ ነው። የባትሪውን መጠን ደግሞ በማዕድ ቤት ሚዛን ማወቅ ይቻላል። በነዚህ ዕቃዎች ውስጥ የተለመደው ድንጋይ አንዱ ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል። ባትሪው ከነፕላስቲኩ ከ350 ግራም በታች ከሆነ ውስጡ አምስት እንጂ አሥር ድንጋይ ሊኖር አይችልም፤ አሥሩ ያለ ፕላስቲክ ብቻቸውን ከ450 ግራም በላይ ናቸውና። አምስት ድንጋይ ከ1.5 እስከ 2 አምፒር ሰዓት ቢይዝ በጠቅላላው ያለው ኃይል ከ28 እስከ 37 ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑ 180 ዋት ቢስብ አንዱ ባትሪ የሚሠራው ከ9 እስከ 12 ደቂቃ ነው። ባትሪው አልተበላሸም፤ ልኩ ይኼው ነው።

100 ባር የሚለውንም በወረቀት ላይ መፈተሽ ይቻላል። ግፊቱን በባር፣ የሚወጣውን ውሃ በደቂቃ ሊትር ወስደው ያባዙና ለ600 ያካፍሉ፤ የሚገኘው ውሃውን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኪሎዋት ነው። ሽጉጡ በደቂቃ 3 ሊትር የሚያወጣ ከሆነ በ100 ባር ለመግፋት 0.5 ኪሎዋት፣ ማለትም 500 ዋት ያስፈልገዋል። 180 ዋት የሚስብ ሞተር ይህን ከየት ያመጣዋል? ከዚያው ላይ ሲሶው ወይም ግማሹ በሰበቃና በሙቀት ይባክናል። 100 ዋት ያህሉ ውሃው ላይ ደረሰ ብንል ግፊቱ 20 ባር ነው። 20 ባር ለማለቅለቂያ ጥሩ ጉልበት ነው፤ ከተራ የቧንቧ ጎማ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደርቆ የተጋገረ የዋልካ ጭቃ የሚፈነቅል ጉልበት ግን አይደለም። ሻጩ የጻፈልዎትን ትተው በዚህ ልክ ካዩት መሣሪያው ሥራ አለው።

በአምስተኛው ደቂቃ ለምን ደከመ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል፤ ከላይ ባለው ስሌት ባትሪው ገና አላለቀም ነበርና። ድምፁ ይነግርዎታል። ባትሪ ሲደክም የፓምፑ ድምፅ እየወፈረና እየዘገየ ይሄዳል። አየር ሲስብ ደግሞ በተቃራኒው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይፈጥናል፤ ውሃውም እየተቆራረጠ ይተፋል። ድምፁ ሳይለወጥ የሚወጣው ውሃ ብቻ ከቀነሰ ወይም ወደ አንድ ጎን ከተበተነ አፈሙዙ ላይ አሸዋ ተሰክቷል፤ በመርፌ ከፊት ወደ ኋላ ይግፉት። ከተጠራጠሩ በሁለተኛው ባትሪ ይቀይሩት፤ ጉልበቱ ካልተመለሰ ችግሩ የውሃ እንጂ የባትሪ አይደለም።

የእርስዎ ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው አየር ነው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ 3 ሊትር ሲሳብ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የቀረው 5 ሊትር ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የመሳቢያ ጎማ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ጀሪካን ውስጥም መጠቅለል ይወዳል፤ ውሃው ዝቅ ሲል ጫፉ ታጥፎ ብቅ ይልና አየር መማግ ይጀምራል። ጫፉ ላይ፣ ከማጣሪያው ከፍ ብሎ፣ ትልቅ ቡሎን በሽቦ ይሰሩለት፤ ቁልቁል ይዞት ይወርዳል። ማጣሪያው ግን ደለሉ ላይ እንዳይተኛ ከሥር አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። ውሃ ከፈረቃ በኋላ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ እንደሆነ ያውቁታል፤ ያንን ለሌላ ሥራ ያውሉት፤ ለማጠቢያ የሚሆነው ጀሪካን አንድ ሌሊት ይዝቀጥ። ቀዳዳዋ የደቀቀው የመሳቢያ ማጣሪያ በአንድ ጭቃማ ጀሪካን ትደፈናለች፤ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ትጽዳ። ጎማው ሽጉጡ ላይ የሚሰካበት ቦታ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ ከዚያ ውሃ ሲንጠባጠብ ባያዩም አየር ያስገባል። ጎማው በራሱ መሰኪያ ላይ ላላ ካለ በፋሸታ ይጠበቅ።

ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ጀሪካኑ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የሚጫነው አየር ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ አየር ውሃን ቢበዛ ወደ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጎንደር ግን ወደ 8 ሜትር ነው የሚወርደው። ይህ እንከን የሌለው ፓምፕ ቢኖር ነው። በቀጭን ጎማ የሚስብ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ከዚህ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ ያንንም ጥቂት ከፍታው ይቀንስበታል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ሆኖ እርስዎ ጣሪያውን ሲያጥቡ ሽጉጡ ከውሃው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሏል፤ ውሃው ሲያልቅ ልዩነቱ ይጨምራል። ጀሪካኑን ጠረጴዛ ወይም የአጥር ግንብ ላይ ያስቀምጡት። ውሃው ከሽጉጡ እኩል ወይም ከፍ ሲል ፓምፑ ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት አይኖርም። ሲጀምሩም ጎማውን አስቀድመው በውሃ ይሙሉት፤ ደረቅ ፓምፕ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከዞረ ውስጡ ያሉ ጎማዎች በሙቀት ያልቃሉ።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ግን ግፊት ያጸዳል የሚለው ሐሳብ ነው። የሚያጸዳው ጊዜ፣ ውሃና ንክኪ ነው፤ ግፊት ከነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ረዳት ነው። የደረቀ ጭቃ ውስጡ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ድንጋይ ነው፤ ከጠጣ በኋላ በጣት ይገፋል። ፓራፋንጎ ሥር ያለውን አንዴ አርሰው አሥር ደቂቃ ይተዉት፣ እንደገና ያርሱት፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ ወፍራሙን አንስተው ቀሪውን በሽጉጡ ይምቱት። ይህን ሥራ ቸል አይበሉት። የተጋገረ ጭቃ እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ ላሜራውን ከውስጥ ያዝገዋል። በየበሩ ሥርና ከበሮቹ በታች ባለው የደፍ ላሜራ ሆድ ላይ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ይፈልጓቸው፤ ጭቃ ከደፈናቸው በሩ ውስጥ የገባው የዝናብ ውሃ እዚያው ተኝቶ ይከርማል፤ በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰሙ ተደፍነዋል ማለት ነው። በፕላስቲክ ጥርስ መጎርጎሪያ ይከፈታሉ፤ ሚስማር ቀለሙን ይፍቃል።

አረፋውም እንደዚያው ነው። አረፋ ሳሙናውን ቁልቁል ሳይፈስ ቀለሙ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የማቆየት ሥራ ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ አሸዋውና ወፍራሙ አፈር ላልቶ ይወርዳል። ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ስስ የአቧራና የጭስ ሽፋን ግን በእጅ ካልተዳሰሰ አይለቅም፤ ላቫጆ ላይ ከ100 ባር በላይ በሚገፋ ማሽን አረፋ አፍስሰው በኋላ በስፖንጅ የሚያሹት ያለ ምክንያት አይደለም። የአረፋው ዋጋ ስፖንጁ ከመምጣቱ በፊት አሸዋውን ማስወገዱ ነው፤ አሸዋ እያለ ማሸት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። በየማለዳው በደረቅ ጨርቅ አቧራ የሚያራግፉ ከሆነም ይተዉት። ፀሐይ ላይ ኮፈኑን ሲያዩት እንደ ሸረሪት ድር በክብ በክብ የሚታየው ጭረት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጎረቤትዎ ስላነሡት በ220 ስለሚሠራው ማሽን። ጉልበቱ እውነተኛ ነው። 1,400 ዋት የሚስብ፣ በሥራ ላይ 70 ባር በደቂቃ 5.5 ሊትር የሚገፋ ማሽን በዚያው ስሌት 640 ዋት ውሃው ላይ ያደርሳል፤ ይህ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛው ግፊት ነው፤ የሚገዙት ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የሥራ ግፊትና የደቂቃ ሊትር አይተው ይሁን። ነገር ግን ይህ ማሽን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሦስቱም ቤትዎ ውስጥ ካልተሟሉ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አንደኛው ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። በደቂቃ 6 ሊትር የሚበላ ማሽን አንድ ጀሪካን በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይጨርሳል። ስለዚህ በጀሪካን ሳይሆን ከፍ ባለ ማማ ላይ በተቀመጠ ሮቶ ነው የሚሠራው። ከሮቶው የሚመጣውን ጎማ ባዶ ጀሪካን ውስጥ ከፍተው ሰዓት ይያዙ፤ 20 ሊትሩ በሁለት ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ካልሞላ ማሽኑ ከሚደርሰው በላይ ይፈልጋልና አየር መማግ ይጀምራል፤ ፓምፑ እንደ ጠጠር እየተንኳኳ ውስጡ ይበላል። ቀጭኑን ጎማ በባለ ሦስት ሩብ ኢንች መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። 1,800 ዋት በ220 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል፣ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ይበልጣል። ለስልክ ቻርጀር የሚሆን ቀጭን ኤክስቴንሽን ይግላል፣ ይቀልጣል። እስከ 15 ሜትር ለሚሆን ርቀት 1.5፣ ከዚያ ለሚበልጥ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ ተጠቅልሎ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ። ምሽት ላይ ቮልቱ ሲወርድ ማሽኑ ማጉረምረም ብቻ ይዞ መዞር ካቃተው ወዲያው ያጥፉት፤ በዚያ ሁኔታ ሞተሩ በደቂቃዎች ይቃጠላል። መደበኛ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለው አየር ተሰልተው ነው፤ ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። አሥር ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ ይረፍ።

ሦስተኛው የመሬት ገመድ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። እርጥብ መሬት ላይ ቆመው፣ እርጥብ እጅ ይዘው፣ ባለ 220 ቮልት ዕቃ ነው የሚጨብጡት። በብዙ አሮጌ ግቢዎች ሶኬቱ ላይ የመሬት ገመድ ያለ ይመስላል፤ ከግድግዳው ጀርባ ግን የትም አልታሰረም። ኤሌክትሪሻን መጥቶ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ መኖሩን ይለካ፤ በመስመሩም ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ፣ ባለ 30 ሚሊአምፒር መቁረጫ ያስገባ። ተራው ብሬከር ይህን አይሠራም፤ እሱ ቤቱን ከእሳት እንጂ ሰውን ከኤሌክትሪክ አያድንም። ይህ ካልተሟላ ማሽኑን በስጦታ ቢያገኙትም አይሰኩት።

እንግዲህ ምክሩ ይኼ ነው። በ220 የሚሠራውን አይግዙ። ያለዎት አንዲት ትንሽ መኪና፣ ውሃዎም በጀሪካን ነው፤ ሚኒባስ ወይም ሁለት ሦስት መኪና፣ ማማ ላይ ያለ ሮቶና የተለካ የመሬት ገመድ ያለው ሰው ሲሆን ያን ጊዜ ዋጋውን ያወጣል። ሽጉጡን ይያዙት፣ ግን ለማለቅለቂያ ብቻ። በትልቁ ማሽን ምትክ ስምንት ሊትር የሚይዝ፣ በእጅ እየተመታ የሚረጭ መርጫ ይግዙ፤ ገበሬ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ዓይነት፣ አዲስ ይሁን እንጂ። መድኃኒት የነካ መርጫ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም፤ ቀሪው እጅዎ ላይና ትንፋሽዎ ውስጥ ይገባል።

አሠራሩም እንዲህ ይሁን። መኪናዋን ጥላ ውስጥ ያቁሙ፣ ኮፈኑም ቸርኬውም ሲነኩ ቀዝቃዛ ይሁኑ። 5 ሊትር ውሃ መርጫው ውስጥ ጨምረው 50 ሚሊ ሊትር የመኪና ሻምፖ ይቀላቅሉ፤ ከታች ወደ ላይ እየረጩ መላዋን ይሸፍኑ። አራት አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ግን አይድረቅ። ከዚያ በሽጉጡ ለአምስት ደቂቃ ከላይ ወደ ታች ያለቅልቁ፤ 15 ሊትር ያህል ይሄዳል። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፣ እያንዳንዱ 10 ሊትር። በአንዱ 30 ሚሊ ሊትር ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁ ከሳሙናው ተነክሮ አንድ በር ካሸ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ አሸዋውን ያራግፍ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይመለስ። ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፣ ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ስፖንጅ ይኑር። በመጨረሻ አራት ደቂቃ፣ 12 ሊትር ያህል፣ ማለቅለቅ፤ ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ማድረቅ። በራሱ ሲደርቅ፣ በተለይ ውሃው የጉድጓድ ከሆነ፣ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ድምሩ 52 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል ገደማ። ሽጉጡ በጠቅላላው ዘጠኝ ደቂቃ ሠራ፣ ማለት አንድ ባትሪ አለቀ፤ ሁለተኛው ለፓራፋንጎው ተረፈ።

ሻምፖ ስል ኦሞ ወይም ላርጎ አይደለም። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ይገፈዋል፣ ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣትም የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ላርጎ አንድ ቀን ቢቸግር መኪና አያፈርስም፤ በየሳምንቱ ግን አይሁን።

ከአፈሙዞቹ ውስጥ ሰፊ የሚበትነውን፣ 40 ዲግሪውን፣ ይጠቀሙ፤ ከቀለሙ 30 ሳንቲሜትር ይራቁ። እንደ ክር የሚወጋውን ዜሮ ዲግሪ ለላሜራም ለጎማም አይቅረቡበት። በተለይ መኪናዋ ተገጭታ ስቱኮ የተደረገባት ቦታ ካለ ወይም ቀለሙ የተላጠበት ጠርዝ ካለ እዚያ በሽጉጥ ሳይሆን በባልዲ ይታጠብ፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ስቱኮውን ከነቀለሙ እንደ ልጣጭ ያነሳዋል። በዝቅተኛው 20 ባር እንኳ ከቅርብ ከተያዘ ይህን ያደርጋል። የራዲያተር ክንፎችና የበር ጎማዎችም በቀጥታ አይመቱ።

የሚፈሰው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ብዙ ሰው ውሃ ፍለጋ መኪናውን ቀሃ፣ ሽንታ ወይም አንገረብ ዳር ወስዶ ያጥባል፤ ይህ ይቅር። እነዚህ ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነው የሚወርዱት፤ የአንገረብ ግድብ ደግሞ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ነው። የሞተር ዘይትና የፍሬን ብናኝ ያለበት እጣቢ ግቢዎ ውስጥ ጠጠር ወይም አፈር ላይ ይስረግ፣ ከጉድጓድ ውሃ ግን ይራቅ።

ከላቫጆ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም። በክረምት ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ ሄደው ከዋናው መንገድ ወጥተው ጭቃ ከገቡ የመኪናዋ ሆድ በሽጉጥ አይጸዳም፤ ማንሻ ላይ ወጥታ በትልቅ ግፊት መታጠብ አለባት። እዚያም ሁለት ነገር አስቀድመው ይናገሩ፤ ሞተሩ እንዳይነካ፣ ከሥርም ናፍጣ እንዳይረጭ። ናፍጣው ለጊዜው ያብለጨልጫል እንጂ ጎሚኒውን (ከሥር ያሉትን ላስቲኮች) ያሳብጠዋል፣ የሚቀጥለውንም አቧራ ይሰበስባል። ወጥተው ሲነዱ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ጫን ጫን ያድርጉት፣ ዲስኩ ይድረቅ።

ባትሪውን ከሥራ በኋላ ገና ሙቅ እያለ አይሰኩ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። በርካሽ ቻርጀር ተኝተው ወይም ከቤት ወጥተው አይሙሉት፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ ይሞላ፣ ሲሞላም ይነቀል። ያበጠ ወይም ሽታ ያመጣ ባትሪ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ለሳምንታት የማይጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ያስቀምጡት።

ሽጉጡ ይመለስ ወይስ ይቆይ የሚለውን በአንድ ልኬት ይወስኑ፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ። ባትሪው ሙሉ፣ ማጣሪያው ንጹሕ፣ 20 ሊትሩ ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጎማው ሥሩ ድረስ ይውረድ፤ 40 ዲግሪውን አፈሙዝ ገጥመው ሳያቋርጡ ይርጩ፣ ሰዓት ይያዙ፤ ውሃውን በሌላ ባልዲ ይቀበሉት፣ እንዳይባክን። 20 ሊትሩ በሰባት ስምንት ደቂቃ ካለቀ ሽጉጡ ደህና ነው፣ ይያዙት። ከአሥር ደቂቃ ካለፈ በደቂቃ ሁለት ሊትር እንኳ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ፣ ወይም ባትሪው ውሃው ሳያልቅ ከሞተ፣ ይመልሱትና ገንዘቡን ለመርጫው፣ ለሻምፖውና ለሁለት ጥሩ ስፖንጅ ያውሉት።